ምድርን የምታለብስ ሐረግ

ባቄላ ወይም አተር ተዘርቶበት የከረመ ማሳ በተከታዩ ዓመት ለስንዴውና ለገብሱ እንደሚስማማ ገበሬያችን ከአባቶቹ ተምሮ ያውቃል። በዚህ ትምህርታችን ይኸው እውቀት በሩቅ አገር፣ በሞቃትና ዝናባማው የማሌያ ምድር፣ እንዴት ባለ ጥፋት ውስጥ ታልፎ እንደ ተገኘ እንመለከታለን።

እ.ኤ.አ. በ1876 ዓ.ም. ሄንሪ ዊካም የተባለ እንግሊዛዊ የጎማ ዛፍ ዘር ከብራዚል ወደ ለንደን አመጣ። በሚቀጥለው ዓመት ከዚያ ዘር የበቀሉ ችግኞች ሲንጋፖር ደረሱ። ከዚህም የተነሣ በማሌያ እጅግ ሰፊ ደን እየተመነጠረ በጎማ ዛፍ ተተካ። የእርሻው ባለቤቶች በረድፎቹ መካከል አንዲት ሣር እንኳ እንዳትታይ መሬቱን ዘወትር ያስኮተኩቱ ነበር፤ ይህንንም የጥሩ አያያዝ ምልክት አድርገው ቈጠሩት። ነገር ግን የሐሩር አገር ዝናብ ራቁቱን የቀረውን አፈር ደበደበው፤ ፀሐዩም ብስባሹን አቃጠለው። ለብዙ ዘመን በደን ሥር የተከማቸው ለም አፈር ከተዳፋቱ ታጥቦ ወደ ወንዝ ወረደ። ንጽሕና የተባለው ነገር ድህነት ሆኖ ተገኘ።

መድኃኒቱ የተገኘው ከአንዲት ሐረግ ነው። ሊቃውንተ ዕፅዋት ፑዌራርያ ፋሴዎሎይዴስ ብለው ሰየሟት። የመጀመሪያው ስም ፑዌራሪ ለተባለ ስዊስ የዕፅዋት ሊቅ መታሰቢያ ሲሆን፣ ሁለተኛው «ባቄላ መሰል» ማለት ነው። በቅርብ ዓመታት ሊቃውንቱ ኒውስታንቱስ በሚባል ሌላ ወገን መድበዋታል። የትውልድ አገሯ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ቅጠሏ ሦስት ሦስት እየሆነ ይወጣል፤ አበባዋ ሐምራዊ ነው፤ ግንዷ እስከ 10 ሜትርና ከዚያም በላይ ይሳባል። ሐረጊቱ መሬት በነካችበት አንጓ ሁሉ አዲስ ሥር ትሰዳለች። ስለዚህ አፈሩን እንደ ተሰፋ ልብስ አጥብቃ ትይዛለች።

አሠራሯ እንዲህ ነው። በሥሯ ላይ ባሉ ትንንሽ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጂን ለተክል ምግብነት ወደሚሆን ዓይነት ይለውጡታል፤ እርስዋም በምላሹ ስኳር ትመግባቸዋለች። ቅጠሏ ረግፎ ሲበሰብስ ይህ ሀብት ወደ አፈሩ ይመለሳል፤ የጎማው ዛፍም ከዚያ ይካፈላል። ጥላዋ ላላንግ የተባለውን አስቸጋሪ ሣር ያዳክማል። በዘይት ዘንባባ እርሻም የወደቁትን አሮጌ ግንዶች ስለምትሸፍን፣ በበሰበሰ ግንድ ውስጥ የሚራባው ቀንዳም ጥንዚዛ በቀላሉ መራቢያ አያገኝም።

ዘሪው ግን ማወቅ የሚገባው ነገር አለ። የዘሯ ቅርፊት ጠንካራ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ በሙቅ ውኃ ተነክሮ ይዘራል። መሬቱ ፎስፌት ካነሰው ማዳበሪያ ይጨመርለታል። ብዙዎች ብቻዋን አይዘሯትም፤ ካሎፖጎኒየምና ሴንትሮሴማ ከሚባሉ ሁለት ዘመዶቿ ጋር ይቀላቅሏታል። ካሎፖጎኒየም ፈጥኖ መሬቱን ይሸፍናል፣ ፈጥኖም ያልፋል፤ ፑዌራርያ ተከትላ ትሰፋለች፤ ሴንትሮሴማ ደግሞ ጥላን ከሁለቱ ይልቅ ይታገሣል። ዛፎቹ አድገው ቅርንጫፋቸው ሲገጥም ፑዌራርያ ብርሃን አጥታ ቀስ በቀስ ትጠፋለች። አገልግሎቷ የሚያስፈልገው በዛፎቹ ልጅነት ነውና፣ ይህ ጉዳት አይደለም።

ሆኖም ይህች ሐረግ የምትጠቅመውን ልታንቅ ትችላለች። ለጋው ችግኝ ዙሪያውን በየጊዜው ካልተጠረገለት፣ ተጠምጥማበት ከብርሃን ትከለክለዋለች። ዝናብ በሚያጥርበት ስፍራም ከችግኙ ጋር ውኃ ትሻማለች። የቅርብ ዘመዷ የሆነው የጃፓኑ ኩድዙ ታሪክ ለዚህ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ነው። በዚያው በ1876 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ለአሜሪካውያን ታየ። በ1930ዎቹ መንግሥት የተሸረሸረውን የደቡብ ምድር እንዲያድን ችግኙን በብዛት አደለ፤ ለሚተክለውም ገበሬ ገንዘብ ከፈለ። በኋላ ግን ጠባቂ በሌለበት ዛፉንም፣ የተተወውንም ቤት ወረሰ፤ ዛሬ በዚያ የሚታወቀው በአረምነቱ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ አፈር ራቁቱን ሊቀር አይገባም፤ ተዳፋት ላይ የምናርስ እኛ ክረምት በመጣ ቁጥር የወንዞቻችንን መደፍረስ እያየን ይህን ልንዘነጋ አንችልም። ሁለተኛ፣ በጎ ረዳት እንኳ ድንበር ያስፈልገዋል፤ ሐረጊቱን የዘራ እጅ ማጭዱን ሊጥል አይችልም። ሦስተኛ፣ የአንዱ አገር መድኃኒት ለሌላው አገር ሳይመረመር አይሰጥም። ይህች ሐረግ የብዙ ዝናብና የሙቀት ልጅ ናትና፣ ለደጋው ማሳችን አትሆንም፤ ትምህርቷ ግን ይሆናል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦
1. በአካባቢያችን ከመከር በኋላ መሬቱ ራቁቱን የሚቈየው ለስንት ወር ነው? በምንስ ልናለብሰው እንችላለን?
2. ሽማግሌዎቻችን የትኛውን እህል ከየትኛው አስከትለው ይዘሩ ነበር? ለምን?
3. ለጥቅም ገብቶ ኋላ ያስቸገረ ተክል በአካባቢያችን አለን? ጥበቃው የላላው የት ላይ ነበር?