ያገለገለ ጣውላም ይተነፍሳል
(ትንሽ የእንጨት ሣጥን በእጅ ስለመሥራት)

በክረምት ወራት የእንጨት በር ከመቃኑ ጋር ተጣብቆ አልዘጋ ሲል፣ በበጋ ደግሞ ያው በር ክፍተት አበጅቶ ነፋስ ሲያስገባ ያላየ አንባቢ አይኖርም። የፊዚክስ ተማሪ ምክንያቱን ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ «ሙቀት ነው» ይላል፤ ቁስ አካል ሲሞቅ እንደሚሰፋ ተምሯልና። ይሁን እንጂ በደጋው አገራችን በሩ የሚያብጠው በቀዝቃዛው ክረምት ነው። ስለዚህ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይኖርብናል።

እንጨት ረጃጅምና ባዶ ህዋሳት ጎን ለጎን የተደረደሩበት አካል ነው። በህዋሳቱ ግድግዳ የሚገኘው ሴሉሎስ ከአየር ውስጥ የውሃ ሞለኪውሎችን ይስባል። እነዚህም በቃጫዎቹ መካከል እየገቡ ቃጫዎቹን ወደ ጎን ያራርቋቸዋል፤ ርዝመታቸውን ግን እምብዛም አይለውጡትም። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 40 በመቶ ሲሆን እንጨት የደረቅ ክብደቱን 8 በመቶ ገደማ ውሃ ይይዛል፤ አየሩ 75 በመቶ ሲደርስ የእንጨቱ እርጥበት ወደ 14 በመቶ ይጠጋል። ለእያንዳንዱ 1 በመቶ የእርጥበት ለውጥ የጣውላው ስፋት በ0.2 በመቶ ይለወጣል ብለን ብናሰላ፣ 150 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ 150 × 6 × 0.002 = 1.8 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። የ20 ዲግሪ የሙቀት ለውጥ ግን ይህንኑ ጣውላ በ0.1 ሚሊ ሜትር ያህል እንኳ አያሰፋውም።

«ከአሮጌ ቤት የወጣ እንጨት ደርቆ ስላበቃ አይንቀሳቀስም» የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ ይሰማል። አሮጌ ጣውላ ከእርጥብ ግንድ ይልቅ የረጋ መሆኑ እውነት ነው፤ ሴሉሎሱ ግን ዛሬም ውሃ ይስባል። ሣጥን ሲሠራ ይህን የረሳ ሰው ወራት ሳያልፉ የተሰነጠቀ ታች ወይም የተላቀቀ ማዕዘን ያገኛል።

ጣውላውን ከየት እናገኛለን? አዲስ አበባ ውስጥ ለሚኖሩ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ቅርብ ነው፤ በየሰፈሩም ከፈረሱ ቤቶች የሚወጣ የዝግባና የጥድ ጣውላ አይጠፋም። ዝግባና ጥድ ቀስ ብለው የሚያድጉ፣ የተፈጥሮ ደናቸውም እጅግ የተመናመነ ዛፎች ስለሆኑ፣ እንዲህ ያለውን ጣውላ ለማገዶ መስጠት በእኛ አስተያየት ብክነት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ምስማሩን በጉጠት መንቀል፣ ተሰብሮ የቀረ እንዳለም በማግኔት መፈተሽ ያስፈልጋል።

አሮጌ ቀለም የተቀባን ጣውላ ግን አለመምረጥ ይሻላል። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚገድበው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተቀባ ጣውላ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። እንዲህ ያለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ መርዛማ ብናኝ ያስነሣል፤ በተለይ የሕፃናትን አንጎል ይጎዳል። የአፍ መሸፈኛ ጨርቅ ብናኙን አያስቀርም።

የጣውላውን እርጥበት ለማወቅ ከጫፉ ትንሽ ቁራጭ ቆርጠን እንመዝናለን፤ በቤተ ሙከራ ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ በ103 ዲግሪ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አቆይተን እንደገና እንመዝነዋለን። 56 ግራም የነበረው 50 ግራም ቢሆን እርጥበቱ 6 ለ50፣ ማለትም 12 በመቶ ነው። ምድጃ የሌለው ሰው ጣውላውን ሣጥኑ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ፣ አየር እንዲያገኝ ከሥሩ መደገፊያ አድርጎ፣ ክብደቱ እስኪረጋ ድረስ ያቆየው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የሣጥናችን የውጭ ርዝመት 240፣ ወርዱ 160፣ ቁመቱ 100 ሚሊ ሜትር፣ የጎኖቹ ውፍረት 12 ሚሊ ሜትር ይሁን። የአራቱም ጎኖች ቃጫ በአግድም ይዙር፤ እንዲህ ሲሆን አራቱም በእርጥበት ጊዜ አብረው ከፍ ይላሉ፣ በድርቅም አብረው ዝቅ ይላሉ። አንደኛው ጎን ቃጫው ቆሞ ቢሠራ ግን ከጎረቤቶቹ ጋር ይጓተታል።

የሁለቱን ረጃጅም ጎኖች ጫፎች በውስጥ በኩል 12 ሚሊ ሜትር ወርድና 6 ሚሊ ሜትር ጥልቀት አድርገን በመጋዝና በመሮ ዝቅ እናደርጋለን፤ 148 ሚሊ ሜትር የሚረዝሙት አጫጭር ጎኖች እዚያ ላይ ያርፋሉ። የተቆረጠ የእንጨት ጫፍ እንደ ገለባ ቀዳዳ የበዛበት በመሆኑ ኮላውን ይመጠዋል፤ ኮላ ብቻውን ማዕዘኑን አይዝም። ስለዚህ በየማዕዘኑ ከውጭ በኩል 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት የወይራ ችንካሮች እናስገባለን።

ታችኛው ጣውላ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው፤ ቃጫውም በርዝመቱ ይሂድ። ማረፊያው በጎኖቹ ውስጥ የተቆፈረ 5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ነው። ከቦይ እስከ ቦይ ያለው ወርድ 136 + 10 = 146 ሚሊ ሜትር ነው። በበጋ የምንሠራ ከሆነ ጣውላውን 144 ሚሊ ሜትር እንቆርጠዋለን፤ የቀረው ለክረምቱ ነው። ቦዩ ውስጥ ኮላ ፈጽሞ አይገባም።

ክዳኑ እንዳይጣመም ከሥሩ ሁለት አግዳሚዎች እንለጥፍበታለን፤ ርዝመታቸው 132 ሚሊ ሜትር ሆኖ፣ ኮላው መካከላቸው ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይቀባል፤ ጫፎቻቸው ነፃ ይሁኑ። ሣጥኑ ካለቀ በኋላ የክዳኑን ወርድና ርዝመት በየወሩ በካሊፐር ለክቶ፣ ከዕለቱ የአየር እርጥበት ጋር በግራፍ ማስቀመጥ ለተማሪ ጥሩ ልምምድ ነው፤ አንደኛው መስመር ሲወጣና ሲወርድ፣ ሌላኛው ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል።