ወንዝን ስለሚጠብቅ የሕዝብ ማኅበር

በደጎሎና በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው ደገኛ አገር ወንዝ የአንድ ሰው ርስት አይደለም። ሁሉም ይቀዳበታል፤ ልብሱን ያጥብበታል፤ ከብቱን ያጠጣበታል። ነገር ግን ተጠቃሚው ብዙ ሲሆን ጠባቂው አይገኝም። የላይኛው መንደር ያቆሸሸውን ውሃ የታችኛው መንደር ይጠጣዋል፤ በሽታውም የሚጸናው ምንም ባላጠፉት ሕፃናት ላይ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ ወንዙን ለመጠበቅ ማኅበር የሚያቋቁምበትን መንገድ ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን።

አንደኛ፤ ምክንያቱን ማስረዳት። ኮሌራንና የአንጀት ተስቦን የሚያመጡት ተሐዋስያን ከበሽተኛው ዓይነ ምድር ጋር ወጥተው በውሃ አማካይነት ወደ ጤነኛው አፍ ይገባሉ። ውሃው ጠርቶ መታየቱ ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1854 ኮሌራ ሎንዶን በገባ ጊዜ ሐኪሙ ጆን ስኖው የሟቾቹን ቤት እየዞረ መርምሮ፣ አብዛኞቹ ከአንድ የውሃ መቅጃ ይጠጡ እንደ ነበር አረጋገጠ። ዕውቀቱ የሐኪሙ ነበር፤ የመቅጃውን እጀታ ያስነቀለው ግን የሰፈሩ ሸንጎ ነው። እንደዚሁም ሐኪም ቢመክር ሕዝቡ ካልወሰነ ፍሬ አይገኝም።

ሁለተኛ፤ ካለው መነሣት። ወሎ ቅሬ አለው። ቅሬ ዳኛ፣ የአባላት መዝገብና መቀጫ ያለው፣ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በሐዘን ቀን የሚያገናኝ ማኅበር ነው። ሆኖም ቅሬ በመንደር ይወሰናል፤ ወንዝ ግን ወሰን አያውቅም። ስለዚህ በወንዙ ዳር ያሉት ቅሬዎች ሁሉ፣ የላይኛውም የታችኛውም፣ ተወካዮቻቸውን ይምረጡ። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ስለ ሆኑ ከተመራጮቹ መካከል መገኘት አለባቸው።

ሦስተኛ፤ ወንዙን በእግር መጎብኘት። ተመራጮቹ ከምንጩ ጀምረው እየወረዱ ሜዳ ላይ የሚጸዳዱበትን፣ ጥንብ የሚጣልበትን፣ እስከ ወንዙ አፋፍ የታረሰውን ቦታ ይመዝግቡ። በክረምት ዋልካው መሬት ውሃ ሲጠግብ ጎርፉ ይህን ሁሉ ጠርጎ ወደ ወንዙ ይከተዋል።

አራተኛ፤ ጥቂትና ግልጽ ደንብ መጻፍ፤ ይኸውም፦

ሀ) የመጠጥ ውሃ ከላይ ይቀዳ፤ ከብት ከዚያ በታች ይጠጣ፤ ልብስም ከሁሉ በታች ይታጠብ።
ለ) መጸዳጃ ጉድጓድ ከውሃው ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይቆፈር።
ሐ) የሞተ ከብት ከወንዙ ርቆ ይቀበር።
መ) የወንዙ አፋፍ አይታረስ፤ ሣርና ዛፍ ይልበስ።

አምስተኛ፤ ሸክሙን ማካፈል። ብዙ ማኅበር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። የሚደክመው የላይኛው መንደር ሲሆን ጥቅሙ ለታችኛው ነውና፣ ደንቡ በመቀጫ ብቻ ከታዘዘ ቂም ያስከትላል። የታችኛው መንደር ሰዎች ወደ ላይ ወጥተው መጸዳጃውን አብረው ይቆፍሩ፤ የከብት ማጠጫ ገንዳውን አብረው ይሥሩ። አብሮ የሠራ ሰው አብሮ ይጠብቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ መሆኑን የሚያውቅ ሕዝብ ይህ አይሳነውም።

ስድስተኛ፤ ከማኅበሩ አቅም በላይ የሆነውን ለሕግ ማቅረብ። በኮምቦልቻ የፋብሪካ ፍሳሽ በትናንሽ ጅረቶች በኩል ወደ ቦርከና ወንዝ መግባቱን ተመራማሪዎች ደጋግመው መዝግበዋል። ይህን የመሰለውን ጉዳት የቅሬ መቀጫ አያቆመውም። ስለዚሁ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቅዷል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ቅር ከተሰኘ በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት መክሰስ እንደሚችልም ደንግጓል። ማኅበሩ የጻፈው መዝገብ ያን ጊዜ ማስረጃ ይሆናል።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናሳስባለን። ወንዝ መጠበቅ ውሃ ማፍላትን አያስቀርም። የተጠበቀም ቢሆን የወንዝ ውሃ ሳይፈላ ወይም በክሎሪን ሳይታከም ለሕፃን አይሰጥ። ማኅበሩ ሥራውን በበጋ፣ ወንዙን ተሻግሮ መሄድ በሚቻልበት ወራት ይጀምር፤ ክረምት ከገባ በኋላ ጎርፉ ቀዳሚ ይሆናልና።