ዘለዓለምን እያሰብን በገበያ መካከል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ ዛሬ የምንማማረው ዘለዓለማዊውን ሕይወት እያሰቡ ስለ መኖር ነው። ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን ከሞት በኋላ የሚሆነውን ብቻ እናስባለን። ነገር ግን ዘለዓለምን የሚያስብ ሰው የሚታወቀው ዛሬ፣ በሥራው ቦታ ነው። የምንኖረው በአማኑኤል ሠፈር፣ በመርካቶ መካከል ስለሆነ ትምህርቱን ከገበያችን እንጀምር።

ሀ. የማይጸና ቦታ

መርካቶ ከጥንት የነበረ፣ ወደፊትም የማይናወጥ ይመስለናል። ዳሩ ግን የከተማው ትልቁ ገበያ ቀድሞ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበረ፤ ወደዚህ የመጣው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። በዚያ ጊዜ ሱቅ የከፈቱት አባቶች ዛሬ የሉም፤ መደብሩ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ በሸማ ተራ እሳት ተነሥቶ የብዙዎች የዘመናት ድካም በአንድ ሌሊት ጠፋ። ይህ የደረሰባቸው ከእኛ ይልቅ ኃጢአተኞች ስለሆኑ አይደለም፤ ጌታችን የሰሊሆም ግንብ ስለ ወደቀባቸው ሰዎች እንዲህ እንዳናስብ አስተምሮናል (ሉቃ. 13፥4-5)። ነገር ግን መዝገባችንን በሰማይ እንድንሰበስብ ለምን እንዳዘዘን (ማቴ. 6፥19-20) ያ ሌሊት ያስታውሰናል።

ለ. ታዲያ ንግድ ኃጢአት ነውን?

አይደለም። ጌታችን መንግሥተ ሰማያትን መልካም ዕንቁ በሚፈልግ ነጋዴ መስሎ አስተምሯል (ማቴ. 13፥45-46)። ያ ነጋዴ የሚበልጠውን ዋጋ ለይቶ ዐወቀ። ጎተራውን ሊያሰፋ ያሰበው ባለጠጋም የተነቀፈው እህል ስለበዛለት ሳይሆን ነፍሱን ስለረሳ ነው (ሉቃ. 12፥16-21)። ሁሉን ሲቆጥር ያችን ሌሊት አልቆጠራትም።

ሐ. የ50 ብር ዕዳ

እዚህ ላይ የራሴን በደል ልናገር። በአንድ ዘመዴ ሱቅ ስሠራ ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ዕቃ ገዙ። ሲከፍሉኝ ሁለት ባለ 50 ብር ተጣብቆባቸው እንደ አንድ ቆጥረው ሰጡኝ። አየሁ፤ ዝም አልሁ። እርሳቸውም «እግዚአብሔር ያሳድግህ፣ ልጄ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ጥቂት ቆይቼ ልቤ ቢወቅሰኝ ሮጬ ወጣሁ፤ በሰው ብዛት መካከል ግን ላገኛቸው አልቻልሁም። ብሩ በሁለት ቀን አለቀ፤ ምርቃቱ ግን እስከ ዛሬ ይከሰኛል።

ለንስሐ አባቴ ብናገር ያንኑ ያህል ለተቸገረ እንድሰጥ አዘዙኝ። ቀጥለውም «ሴትዮዋን ያገኘሃቸው ቀን ግን ለእርሳቸው ትመልሳለህ፤ ምጽዋትህ ዕዳህን አይሰርዝም» አሉኝ። ዘኬዎስም ለድሆች ከመስጠቱ ሌላ ለበደላቸው አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናግሯል (ሉቃ. 19፥8)። ያን ቀን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ነበር፤ በጸሎተ ሃይማኖትም የሚመጣውን ሕይወት ተስፋ እንደማደርግ ተናግሬ ነበር። ተስፋዬ ግን የሱቁን ደጅ አልፎ አልገባም ነበር።

መ. ምን እናድርግ?

1. ነጋዴ ማታ ሂሳቡን ሳይዘጋ ወደ ቤቱ አይሄድም። እኛም ከመተኛታችን በፊት የቀኑን ሥራችንን እንመርምር።
2. የወሰድነው የሰው ገንዘብ ካለ ባለቤቱ ሳይርቅ እንመልስ። እኔ የዘገየሁት ለጥቂት ደቂቃ ነበር።
3. ንስሐን ለእርጅና አናቆየው። ወጣትነት የዕድሜ ዋስትና አይደለም።

ወንድሞችና እኅቶች፤ በየወሩ በ28 የምናከብረው አማኑኤል፣ ትርጓሜው እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው (ማቴ. 1፥23)። ከእኛ ጋር ከሆነ በመቅደሱ ብቻ ሳይሆን በሚዛኑም አጠገብ ነው። በፊቱ እንደምንቆም እያሰብን ዛሬ በፊቱ እንነግድ፣ እንማር፣ እንሥራ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።