የቴራኸርትዝ ሞገድ እንዴት ይጣራል?

እንደሚታወቀው ብርሃንና የራዲዮ ሞገድ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ልዩነታቸው በሴኮንድ ስንት ጊዜ ይርገበገባሉ በሚለው ላይ ነው። በማይክሮዌቭና በኢንፍራሬድ መካከል ያለው የቴራኸርትዝ ሞገድ ይባላል። የ1 ቴራኸርትዝ ሞገድ በሴኮንድ 1,000,000,000,000 ጊዜ ይርገበገባል፤ ርዝመቱም 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

ታዲያ ይህ ምን ሊረባን ነው? የሚል ይኖራል። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ብርሃኑ ቡልቻ እ.ኤ.አ. በ2020ዎቹ መጀመሪያ በናሳ ጎዳርድ ማዕከል ሲሠሩበት የነበረው መሣሪያ፣ በጨረቃ ላይ ውሃን በዚሁ ሞገድ ለይቶ ለማወቅ የታሰበ ነው። የመሣሪያው ሌዘር ከብዙ ስስ ንብርብሮች የተሠራ ሲሆን፣ የሚያወጣውን ሞገድ የሚወስነው የንብርብሮቹ ውፍረት ነው።

ማጣሪያውም የዚሁ ሐሳብ ዘመድ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ፔንድሪ እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ ጎናቸው የተሰነጠቀ ጥቃቅን የብረት ቀለበቶችን በረድፍ መደርደርን አሳሰበ፤ በ2004 ተመራማሪዎች ይህንኑ በ1 ቴራኸርትዝ አካባቢ ሠርተው አሳዩ። ቀለበቶቹ ከሞገዱ ርዝመት ያንሳሉ። የሞገዱ ርግብግቢት ከቀለበቱ ጋር ሲገጥም በቀለበቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይወዛወዛል፤ ያ ሞገድ ይታገዳል፣ ያልገጠመው ያልፋል።

እዚህ ላይ እኛም ተሳስተን ነበር። ነገሩን በወንፊት መስለን ለማስተማር አሰብን። ወንፊት ግን የሚለየው በቀዳዳው ስፋት ነው፤ ይኸኛው የሚለየው በመግጠም ነው። መምህር የተሳሳተ ምሳሌ ከሰጠ ተማሪው ስሕተቱን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይዞራል።

ቤተ ሙከራ በሌለበት የቢላ ገጠር ትምህርት ቤት ብንመደብስ? ገመድ በሁለት ወንበሮች መካከል ላላ አድርገን እንሰር። አራት ድንጋዮች በክር እናንጠልጥል፤ የሁለቱ ክር 50 ሳንቲሜትር፣ የሌሎቹ 20 እና 90 ይሁን። አንዱን ባለ 50 ብናወዛውዘው ቀስ በቀስ ጉልበቱን ለእኩያው ያስረክባል፤ ሌሎቹ ትንሽ ነቅነቅ ብለው ይቀራሉ። አሁን የእኩያውን ድንጋይ በደረቀ የጭቃ ድቡልቡል እንተካው፤ ርዝመቱ እስካልተለወጠ ድረስ ያው እኮ ነው! ቀለበቱም እንዲሁ ነው፤ የሚታገደውን ሞገድ በዋናነት የሚወስነው ቅርጹና መጠኑ ነው።

ጥያቄ፦
1. ክሩን ብናሳጥር ውዝዋዜው ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል?
2. ከፍ ያለ ርግብግቢት ለማገድ ቀለበቱ ማነስ አለበት ወይስ መተለቅ? ለምን?