የአጥቢያው ሚኒባስ የውሃ ፓምፕ፦ ምልክቱና አቀያየሩ

በመጋቢት 5 ቀን ምእመናንን ወደ ምድረ ከብድ የሚያደርስ፣ በአዘቦት ቀንም እህልና ሲሚንቶ የሚጭን የቆየ የናፍጣ ሚኒባስ ያላቸው አጥቢያዎች፣ ሞተሩን ከመጋል የሚጠብቀውን የውሃ ፓምፕ በሚገባ እንዲያውቁት እንሻለን።

ወልቂጤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡታጅራም ከ2,000 ሜትር በላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ ክፍት ውሃ በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን የሚያምቀው ግፊት መፍላቱን ያዘገያል፤ ፓምፑ ሲያፈስ ግን ውሃውም ግፊቱም ይጎድላል። ያን ጊዜ ከግቤ ሸለቆ ወደ ወልቂጤ የሚያወጣው ዳገት ሞተሩን ያግለዋል፤ ቴስታታውም ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ ከፓምፑ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ መንጠብ፣ የኩሽኔታ ጩኸት፣ ሞተሩ ጠፍቶ ፑሊው በእጅ ሲነቀነቅ መላወስ።

እንደ ቶዮታ 3ኤል ባሉ ሞተሮች ፓምፑን የሚያዞረው ከውጭ ያለው ቺንጋ ስለሆነ ሞተር ማውረድ አያስፈልግም። መካኒኩ ሞተሩ ከበረደ በኋላ ውሃውን ያወርዳል፤ ቺንጋውንና ማራገቢያውን ፈትቶ አሮጌውን ፓምፕ ያነሣል። የብረቱን ገጽ አጽድቶ አዲሱን ፓምፕ ከአዲስ ጋርኒሲዮን ጋር ይገጥማል፤ ብሎኖቹንም በማመሳቀል እኩል ያጠብቃል። ኩላንት ሞልቶ አየሩን ካስወጣ በኋላ ሞተሩን አስነሥቶ የሚያፈስ መሆን አለመሆኑን ይመረምራል። በጋለ ሞተር ላይ ክዳን መክፈትም ሆነ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር አይገባም።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት የሾፌሩን ማሳሰቢያ ለቀጣዩ ስብሰባ ከማቆየት ይልቅ የጥገና መጠባበቂያ ገንዘብ አስቀድመው ይመድቡ፤ አሮጌውን ፓምፕም ከደረሰኙ ጋር ይረከቡ። ለፓምፕ ያልተከፈለው ገንዘብ ነገ ለሞተር እድሳት ተባዝቶ ይከፈላል፤ የሚወጣውም ከምእመናን አሥራት ነው።