የቆቋ ሥዕል፦ አራዊትን መሣል ለጥበቃቸው ምን ይጠቅማል?

ከጅቡቲ በቀር በዓለም ላይ የትም የማትገኝ ወፍ አለች። ከካርቲየ 3 ነዋሪ ስንቱ ስሟን ያውቃል? መልኳን የሚያውቀውስ ስንት ነው? ወፏ የጅቡቲ ቆቅ ናት። የምትኖረው ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተሰሜን፣ በጎዳ ተራራ ላይ ባለው የዳይ ደንና በማብላ ተራሮች ብቻ ነው። የቀሩት ጥቂት መቶዎች ሲሆኑ፣ በዓለም እጅግ አስጊ ሁኔታ ላይ ካሉ ወፎች መካከል ተመዝግባለች። መጠለያዋ የሆነው ጥድ እየደረቀ ነው፤ ቡቃያውን ፍየልና ከብት ይግጡታል፣ እንጨቱ ለማገዶ ይቆረጣል። ይህ ጥድ ወላጆቻችን በመናገሻ ደንና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሚያውቁት ያው የሀበሻ ጥድ ነው።

በአማርኛ ንቁ ሰውን «ቆቅ ነው» እንላለን። ይህችም ቆቅ ስሟን የምታስመሰክር ናት፤ ኮቴ ስትሰማ ቁጥቋጦ ውስጥ ትሰወራለች። ስለዚህ አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በሥዕል ነው። በዚህ ዓመት በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እኛም ደጋግመን ያነሣነው ጥያቄ ይኸው ነበር፦ ሥዕል አንድን እንስሳ ከመጥፋት ለማዳን ምን ሊያደርግ ይችላል?

መጀመሪያ የሳይንስ ሥዕል ከሌላው ሥዕል በምን ይለያል? ሠዓሊው ያየውን እንጂ የወደደውን አይሥልም። የላባው ብዛት፣ የመንቁሩ ርዝመት፣ የእግሩ ቀለም ሁሉ ተለክቶና ተመሳክሮ ነው የሚቀመጠው። ወፍ አብዛኛውን ጊዜ ከጎን ስለምትሣል አንድ ዓይኗ ብቻ ይታያል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ጻድቃን ሁለት ዓይን ኖሯቸው ፊት ለፊት ሲሣሉ፣ ክፉዎች ግን በአንድ ዓይን ከጎን ይሣላሉ። በዚህ ሥርዓት ከሄድን የሳይንስ መጻሕፍት ወፎች ሁሉ ኃጥአን ሊሆኑብን ነው! ከጎን መሣላቸው ግን ምክንያት አለው፤ መንቁር፣ ክንፍ፣ ጅራትና እግር በአንድ ጊዜ የሚታዩት ከጎን ነው።

ወደ ቆቋ እንመለስ። (ዘመኖቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።) ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ሰሜን ተራሮችን ጎብኝቶ ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ያስተዋወቀ ሰው ነው። ከ1835 ጀምሮ ባሳተመው መጽሐፍ እንስሳቱ በቀለም ተሥለው ወጥተዋል። ራሷ ላይ ቡናማ ቀይ፣ ግንባሯ ላይ ጥቁር የሆነችውን የኢትዮጵያ ደጋ ቆቅም ስም የሰጣት እሱ ነው። የጅቡቲዋ ቆቅ የዚህች የቅርብ ዘመድ ናት። ራሷን የቻለች ዝርያ መሆኗ በሳይንስ የተጻፈው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1952 ነው፤ ጸሐፊዎቹ ፈረንሳውያኑ ዣን ዶርስትና ክርስቲያን ዡዋኒን ናቸው። ሁለቱን ቆቆች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያሳይ ሥዕል ሲኖር ልዩነቱ ለልጅም ይታያል፦ የእኛዋ አነስ ትላለች፣ የደረቷም መስመሮች ሌላ ናቸው። ልዩነቷ ባይታወቅ ኖሮ «ይህች እኮ በኢትዮጵያ ደጋ ሞልታለች» ተብላ ትተው ነበር። ለብቻዋ ዝርያ መሆኗ ስለታወቀ ነው የዳይ ደን ጉዳይ የዓለም ጉዳይ የሆነው። ዶርስትም በኋላ፣ በ1965፣ ስለ ተፈጥሮ መጥፋት የሚያስጠነቅቅ ታዋቂ መጽሐፍ ጽፏል።

የሠዓሊዎቹ ታሪክ ሁልጊዜ ፍትሐዊ አይደለም። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሰው አብሮት ነበር። ባሉጋኒ ዕፅዋትንና እንስሳትን በጥንቃቄ ሣለ፤ አገሩንም ሳያይ ጎንደር ላይ ሞቶ ቀረ። ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ኮሶ፣ እንሰትና ጤፍ በሥዕል ቀርበዋል፤ የባሉጋኒ ድካም ግን የሚገባውን ስም አላገኘም። ሥዕሎቹ የእሱ እጅ ሥራ መሆናቸውን ያረጋገጡት የኋላ ዘመን አጥኚዎች ናቸው። ከሥዕል በታች የሠዓሊው ስም ይጻፍ የምንለው ያለ ነገር አይደለም።

ከሁሉም በላይ እኛን የሳበን ግን የሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ ሥራ ነው። ፉዌርቴስ በዘመኑ ከአሜሪካ የወፍ ሠዓሊዎች ሁሉ የላቀ ተብሎ ይታወቅ ነበር። በ1926 የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ወደ ኢትዮጵያ በላከው ቡድን ውስጥ ገብቶ፣ እዚሁ ጅቡቲ ከመርከብ ወርዶ በአሮጌው ባቡር አዲስ አበባ ደረሰ። የዚያን ጊዜ ተመራማሪዎች እንስሳውን ገድለው ቆዳውን ለሙዚየም ያደርቁ ነበር። ዛሬ ይህ ይከብደናል። ሆኖም የደረቀ ቆዳ አንድ ነገር ይደብቃል፦ የዓይን፣ የመንቁርና የእግር ቀለም ወፏ ከሞተች ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ መጥፋት ይጀምራል። ካሜራውም የዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ ነበር። ስለዚህ ፉዌርቴስ ድካምም ቢሆን ጉዞ፣ ቀለሙ ሳይጠፋ ወዲያው ቁጭ ብሎ ይሥል ነበር። ከመቶ በላይ ሥዕሎች ይዞ በ1927 ወደ አገሩ ተመለሰ።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር መኪናው ከባቡር ጋር ተጋጭታ ሞተ። ሥዕሎቹ በመኪናው ውስጥ ነበሩ፤ ከግጭቱ ተወርውረው ሳይበላሹ ተገኙ። በ1930 ከመካከላቸው 32ቱ በአልበም ታተሙ። የፉዌርቴስን ጭላዳ ያየ ሰው ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክትና የጠጉሩን አጎፈር አይረሳውም፤ እንስሳው ቆዳ ወይም ቁጥር ሳይሆን ሕይወት ያለው ሆኖ ይታያል።

የሥዕል አቅም የሚያልቅበት ቦታም አለ። በ1990 በነጭ ሳር ሜዳ መንገድ ላይ ከተገኘች አንዲት የሞተች የሌሊት ወፍ (የማታዋን ነፍሳት ለቃሚ ማለታችን ነው እንጂ አጥቢዋን አይደለም) የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ የተሰየመችው በዚያ ክንፍ ነው። ክንፏን መሣል ይቻላል፤ ቀሪውን የሚሥል ሁሉ ግን ይገምታል።

«ዛሬ ስልክ ሁሉ ካሜራ አለው፣ ሥዕል ለምን?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። ፎቶ አንዲት ወፍን በአንዲት ቅጽበት፣ ከነጥላዋና ከነቅጠሉ ያሳያል። ሥዕል ግን ወንዱን፣ ሴቷንና ጫጩቱን በአንድ ገጽ ላይ ያቆማቸዋል፤ አበባውንና ፍሬውን በአንድ ቅርንጫፍ ያሳያል። ፎቶ የሚበልጥበትም አለ፤ በቀዝቃዛው ወራት አርታ ዳርቻ የሚመጣውን ነጠብጣባም ግዙፍ ሻርክ አንዱን ከሌላው የሚለዩት ከስንጥቡ ጀርባ ያለውን የነጠብጣብ አቀማመጥ በፎቶ በማመሳከር ነው። ደግሞ በሰፈራችን አፋርኛ፣ ሶማልኛ፣ ዓረብኛ፣ ፈረንሳይኛና አማርኛ በአንድ መንገድ ላይ ይሰማሉ። እኛ ቆቅ ብንል ሌላው ፍራንኮሊን ይላል። ሥዕሏን ለጎዳ እረኛ ብናሳየው ግን አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

ለመለማመድ ተራራ መውጣት አያሻም። በየጣራችን ላይ የሚጮኸው ቁራ አለ። ከአዲስ አበባ የመጡ ልጆች የሚያውቁት ቁራ ማጅራቱ ላይ ወይም ደረቱ ላይ ነጭ ነው፤ የዚህኛው አንገት ግን ግራጫ ነው። ይህ በመርከብ የመጣ የሕንድ ቁራ ነው፤ የአገሩን ወፎች እንቁላልና ጫጩት ይበላል። የትኛው ቁራ መጤ፣ የትኛው የአገር ልጅ መሆኑን ለመለየት አንገቱን በትክክል መሣል ይበቃል።

እርሳስና ወረቀት ያዙ። የራሱን ርዝመት ለኩና አካሉ የዚያን ስንት እጥፍ እንደሆነ ቁጠሩ። መንቁሩ ከዓይኑ ምን ያህል ይርቃል? ጣቶቹ ሦስት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ ናቸው። ያላያችሁትን አትጨምሩ፤ ክፍት ይቅር። ግራጫው የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ በቀጭን መስመር ለዩት። ከበታቹ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከዚያም የራሳችሁን ስም ጻፉ።