የስንዴን ፕሮቲን በፓፓያ ኢንዛይም መቆራረጥ

ትንሽ የስንዴ ሊጥ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እሹት። ስታርቹ እንደ ወተት እየነጣ ይወርዳል፤ መዳፋችሁ ላይ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ነገር ይቀራል። ግሉተን እሱ ነው። ፕሮሊን የተባለው አሚኖ አሲድ ስለሚበዛበት የሆዳችን ኢንዛይሞች እንኳ ቆራርጠው አይጨርሱትም። ከፓፓያ የሚገኘው ፓፔይን ግን ብዙ ያግዛል።

ሥራው የምግብ ቤተ ሙከራ ሥራ ነው። የስንዴ አለርጂ ወይም ሲሊያክ (በግሉተን የሚነሳ የአንጀት ሕመም) ላለበት ሰው በፍጹም እንዳታቀምሱ።

100 ግራም ዱቄት በ400 ሚሊ ሊትር ውኃ እንዳይጓጉል አድርጋችሁ በጥብጡ። ዱቄቱ 11 ግራም ያህል ፕሮቲን ካለው 0.11 ግራም ፓፔይን፣ ማለትም የፕሮቲኑን 1 በመቶ፣ መዝናችሁ ብጥብጡ ውስጥ ጨምሩ። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ሳታደርጉ ግን ብልቃጡን አትክፈቱ፤ የፓፔይን ብናኝ ራሱ አስም ያስነሳል።

ሙቀቱን 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አቆዩት። ፓፔይን ከዚህም በላይ ሙቀት ይስማማዋል፤ ነገር ግን 60 ሲደርስ ስታርቹ መብሰል ይጀምርና ብጥብጡ እንደ አጥሚት ይወፍርባችኋል፣ ማማሰሉም ያስቸግራል። እያማሰላችሁ ለ3 ሰዓት ያህል ጠብቁ። በየ30 ደቂቃው ትንሽ ቀድታችሁ በወንፊት ላይ እጠቡ፦ መጀመሪያ ክር ክር የሚል ነገር ይሰበሰባል፣ በኋላ የሚሰበሰብ ይጠፋል።

ከዚያ ኢንዛይሙ ሥራውን እንዲያቆም 95 ዲግሪ አድርሳችሁ ለ15 ደቂቃ አቆዩት። ፓፔይን ሙቀት ስለሚችል ቶሎ አታውርዱት።

ከባዱ ነገር ከዚህ በኋላ ነው። ክሩ ጠፋ ማለት አለርጂ የማስነሳት ባሕርዩ ጠፋ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ማብቂያ ጃፓን ውስጥ ይሸጥ የነበረ የፊት ሳሙና በአሲድ የተቆራረጠ የስንዴ ፕሮቲን ነበረበት፤ ከ2,000 በላይ ተጠቃሚዎች የስንዴ አለርጂ ያዛቸው፣ ብዙዎቹም ዳቦ መብላት አቃታቸው። አቆራረጡ ወሳኝ ነው።

ስለዚህ ናሙናውን አስመርምሩ። ለግሉተን መጠን፣ ለተቆራረጠ ፕሮቲን የሚሆነውን ኮምፔቲቲቭ ኤላይዛ የተባለ የላቦራቶሪ ምርመራ ጠይቁ፤ የተለመደው ሳንድዊች ኤላይዛ ትናንሽ ቁራጮችን ይስታል። «ከግሉተን ነፃ» የሚባለው በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም የማይበልጥ ሲሆን ነው፤ ይህ ልክ ለሲሊያክ እንጂ ለስንዴ አለርጂ የወጣ አይደለም። ለአለርጂው የሕመምተኞች ደም ውስጥ ያለው አይጂኢ ፀረ እንግዳ አካል አሁንም ፕሮቲኑን ይይዘው እንደሆነ በሐኪም ክትትል መታየት አለበት።

ዳቦ እንዲነፋላችሁ አትጠብቁ፤ አየሩን የሚይዘው ግሉተን ተበጣጥሷል። ለስስ ብስኩት ይሆናል። የተረፈውን ስታስቀምጡ ዕቃው ላይ «ስንዴ» ብላችሁ በጉልህ ጻፉበት።